ኢፒደብሊው፦ ኤሌክትሮንን ማን እንደሚያደናቅፈው የሚነግር ሶፍትዌር፣ ከሁለት ዓመት አብሮነት በኋላ

ሪቪው የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ስልክ ወይም ስለ ጆሮ ማዳመጫ ነው የሚያወራው። እኔ ዛሬ የማወራው መስኮት ስለማይከፍት፣ የሚነካ ነገር ስለሌለው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አስነስታችሁት ለሰዓታት ዝም ስለሚል ፕሮግራም ነው። ስሙ ኢፒደብሊው ይባላል። ሥራው አንድ ነው፦ ሴሚኮንዳክተር ውስጥ የሚሮጥ ኤሌክትሮን በየስንት ጊዜው ከፎነን ጋር እንደሚላተም ያሰላል። ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ሰድቤዋለሁ፣ አመስግኜዋለሁ፣ አንዴ ደግሞ በሱ የተነሳ አማካሪዬ ፊት ላብ ላብ ብሎኛል። ያኛው የሱ ጥፋት አልነበረም፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ለነገሩ አዲስ ለሆነ ሰው። ክሪስታል ውስጥ አቶሞች ተራ ይዘው ተደርድረዋል። ፍጹም ተደርድረው ንቅንቅ ሳይሉ ቢቆሙ ኖሮ ኤሌክትሮኑ ሞገድ ሆኖ በመሃላቸው ያለ እንቅፋት ያልፍ ነበር፤ ይሄን ፊሊክስ ብሎክ እ.ኤ.አ. በ1928 አሳይቶ ጨርሷል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ግን አቶሞቹ አይቆሙም። ይንቀጠቀጣሉ። ሲሞቁ ይብስባቸዋል። የመንቀጥቀጡ ጉልበት እንደ ሳንቲም በቁጥር የሚመጣ ነው፤ አንዷ ሳንቲም ፎነን ትባላለች። ኤሌክትሮኑ አንዷን ይውጣል ወይም አንዷን ይተፋል፣ በዚያው አቅጣጫው ይቀየራል። ንጹሕ ሴሚኮንዳክተር ውስጥ በክፍል ሙቀት ኤሌክትሮኑን በዋናነት የሚያዘገየው ይሄ ነው። ሞቢሊቲ የምንለው ቁጥር፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ በኤሌክትሪክ ፊልድ ሲገፋ ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚነግረን ቁጥር፣ ከዚህ ግጭት ይወጣል። ለሲሊኮን ኤሌክትሮን ወደ 1400 ሴንቲሜትር ስኩዌር በቮልት ሰከንድ ነው። ለጋሊየም አርሰናይድ ወደ 8500። ዩኒቱን ከዚህ በኋላ አልደግመውም፣ ረጅም ነው።

ከኢፒደብሊው በፊት እኔም እንደ ብዙ ሰው በአቋራጭ ነበር የምሄደው። የባንድ ስትራክቸሩን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ የሚፈቀዱለትን ጉልበቶች ካርታ፣ አስልቼ ቦልትዝትራፕ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ውስጥ እከተዋለሁ። እሱ ኮንዳክቲቪቲውን (ማቴሪያሉ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍበትን አቅም) ለግጭት ጊዜ፣ ማለትም በሁለት ግጭት መሃል ላለው ጊዜ፣ አካፍሎ ይሰጠኛል። የግጭት ጊዜውን ደግሞ እኔ ከኪሴ አወጣለሁ። ሁሉም ሰው ከኪሱ የሚያወጣው ቁጥር 10 ፌምቶሰከንድ ነው (አንድ ፌምቶሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ ነው)። ለምን 10? ክብ ቁጥር ስለሆነ ነው መሰለኝ። እስቲ እናመሳክረው፦ የጋሊየም አርሰናይድ ኤሌክትሮን ኢፌክቲቭ ማስ (ክሪስታሉ ውስጥ ሲገፋ ያለው የሚመስለው ማስ) የነጻው ኤሌክትሮን 0.067 ነው፣ ከ8500 ተነስታችሁ ወደ ኋላ ብታሰሉ የግጭት ጊዜው ወደ 320 ፌምቶሰከንድ ይመጣል። ሲሊኮን በ0.26 ማስ ወደ 200። ስለዚህ ያቺ 10 ፌምቶሰከንድ በ20 እና በ30 እጥፍ ትስታለች ማለት ነው። ለሲቤክ ኮኤፊሸንት (የሙቀት ልዩነት ምን ያህል ቮልቴጅ እንደሚፈጥር ለሚነግረው ቁጥር) ግድ የለም፣ የግጭት ጊዜው ቋሚ ከሆነ ከላይም ከታችም ስላለ ይጣፋል። ለኮንዳክቲቪቲ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ቦልትዝትራፕ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ "ይሄን አላውቅም" ብሎ በግልጽ አካፍሎ ነው የሰጠን። ያላወቅነውን እንዳወቅን ያስመሰልነው እኛ ነን።

ኢፒደብሊው ያቺን ከኪስ የምትወጣ ቁጥር ያስቀራል። ዘዴውን በ2007 ያሳተሙት ፌሊቺያኖ ጁስቲኖ፣ ማርቪን ኮኸን እና ስቲቨን ሉዊ ናቸው፤ ሥራው የተወለደው በርክሌይ ነው። ኮዱን ያስተዋወቀው ጽሑፍ በ2010 ወጣ። በ2016 እና በ2023 ደግሞ በደንብ የታደሱትን ቨርዥኖች የሚያብራሩ ጽሑፎች ተከተሉ። በፎርትራን የተጻፈ ነው። የክሪስታል ኤሌክትሮኖችን ከሚያሰላው ከኳንተም ኤስፕሬሶ ጋር አብሮ ይመጣል (ይሄን ስም የሰማ አንድ ዘመዴ የቡና ማሽን የምጠግን መስሎት ነበር)። የሚከፈል ነገር የለም፣ ሶርስ ኮዱም ክፍት ነው። መጫኑ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ኳንተም ኤስፕሬሶን ኮምፓይል ያደረገ ሰው አንድ ቃል ጨምሮ ሜክ ማለት ብቻ ነው የሚቀረው።

አድካሚው ከዚያ በኋላ ያለው ሰልፍ ነው። ኢፒደብሊው ብቻውን ምንም አይሠራም። መጀመሪያ የኤሌክትሮኖቹን ግራውንድ ስቴት፣ ማለትም ዝቅተኛውን የጉልበት ሁኔታ፣ ታሰላላችሁ። ቀጥሎ ፎነኖቹን በዴንሲቲ ፈንክሽናል ፐርተርቤሽን ቲዎሪ (አቶሞቹ ትንሽ ሲነቃነቁ ኤሌክትሮኖቹ ምን እንደሚሆኑ በሚያሰላ ዘዴ)፤ ቀኑን የሚበላው ይሄ ነው። ከዚያ የፎነን ፋይሎቹን ለቃቅሞ አንድ ፎልደር ውስጥ የሚያስገባ ትንሽ የፓይተን ስክሪፕት። ከዚያ ኤሌክትሮኖቹ እንደገና፣ በሙሉ ግሪድ ላይ (ግሪድ የምለው ስሌቱ የሚሠራባቸውን የሞገድ ነጥቦች መረብ ነው)። ሙሉ ስል ደግሞ ሙሉ ማለቴ ነው። በሲሜትሪ ያጠረውን የነጥብ ዝርዝር አይቀበልም፤ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ዘርዝራችሁ ነው የምትሰጡት። እኔ ይሄን እስካውቅ ግማሽ ቀን ሄደብኝ። ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል። አላነበብኩትም ነበር።

አሁን ወደ ጣፋጩ ክፍል። ኤሌክትሮኑ ከየትኛውም ነጥብ ተነስቶ ወደ የትኛውም ነጥብ ሊበተን ይችላል። ደህና ውጤት ለማግኘት በየአቅጣጫው 100 ነጥብ ያለው ግሪድ ያስፈልጋል እንበል። ያ 1 ሚሊዮን የኤሌክትሮን ነጥብ ነው። ለፎነኑም 1 ሚሊዮን። ጥንዶቹ 1 ትሪሊዮን። አንዷን ጥንድ በቀጥታ ለማስላት 1 ደቂቃ ቢፈጅ ጠቅላላው ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ማንም አይጠብቅም። ኢፒደብሊው የሚላችሁ፣ ሻካራ ግሪድ ላይ ብቻ፣ 6 በ6 በ6 ወይም 8 በ8 በ8 እንበል፣ በቀጥታ አስሉ ነው። ከዚያ ውጤቱን ወደ ዋኒየር ፈንክሽን ይቀይረዋል። ዋኒየር ፈንክሽን በመላው ክሪስታል ላይ የተዘረጋውን የኤሌክትሮን ሞገድ ሰብስቦ አንድ አቶም ወይም አንድ ቦንድ ዙሪያ የሚያስቀምጥ አጻጻፍ ነው። በዚያ አጻጻፍ አንድ አቶም ሲነቃነቅ የሚሰማው ጎረቤቱ ነው፣ ራቅ ያለው አይሰማውም። ራቅ ያሉት ቁጥሮች ወደ ዜሮ ይሄዳሉ። የቀሩት ጥቂት ቁጥሮች በፉሪየር ተመልሰው የፈለጋችሁት ደቃቅ ግሪድ ላይ ይዘረጋሉ፣ ያውም አዲስ የኳንተም ስሌት ሳያስፈልግ። ሐሳቡ ይሄው ነው። ሲነገር ቀላል ነው፤ መጀመሪያ በደንብ ሲገባኝ ግን ሌሊት ተነስቼ ወረቀት ላይ ደግሜ ሠርቼ አየሁት፣ የሆነ ቦታ የተደበቀ ማጭበርበር ያለ መስሎኝ።

ኮከብ የምቀንስበትም እዚሁ ጋ ነው። ዋኒየሮቹን መሥራት እጅ የሚጠይቅ ነገር ነው። ኤሌክትሮኖቹ የት ዙሪያ እንደሚሰበሰቡ መነሻ ግምቱን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ፣ የጉልበት መስኮቱንም እናንተ ትመርጣላችሁ። የሲሊኮን ቫሌንስ ባንድ (በኤሌክትሮን የተሞላው) በአንድ ሙከራ ይወጣል። ኮንዳክሽን ባንድ (ከሱ በላይ ያለው ባዶ) ሲጨመር ባንዶቹ ከላይኞቹ ጋር ይጠላለፋሉ፣ ያን መፍታት አለ። ያልተለመደ ማቴሪያል ከሆነማ ሳምንት ይሄዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ እዚህ ላይ የተጣደፈ ሰው ሞቢሊቲው ጋ ሲደርስ ይፈታበታል። የሚያናድደው ሲፈታ ድምፅ የለውም። ፕሮግራሙ ተሳስተሃል አይልም፣ ቁጥር ያወጣል፣ ቁጥሩም ደህና ቁጥር ይመስላል።

መፈተሻ ግን አብሮ ሰጥቷል። ስማቸው ዲኬይ ብሎ የሚጀምር ትንንሽ ፋይሎች ይጽፋል፤ ርቀት ሲጨምር ቁጥሮቹ እንዴት እንደሚከስሙ ያሳያሉ። ሎጋሪዝም ስኬል ላይ ሣሏቸው። ቁልቁል ከወረዱ ደህና ናችሁ። መሃል ላይ ተንጠልጥለው ከቀሩ ወይ ዋኒየሮቻችሁ ተዝረክርከዋል ወይ ሻካራው ግሪድ አንሷል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ብዙ ሰው አይሠራውም። ኢንተርፖሌት የተደረገውን፣ ማለትም ከሻካራው ወደ ደቃቁ ግሪድ የተዘረጋውን፣ ባንድና ፎነን ከቀጥታው ስሌት ጋር ደርቦ ማየትም እንዲሁ። እኔም በፊት አልሠራውም ነበር።

እንግዲህ ያ ላብ ያሰኘኝ ታሪክ። ሲሊኮን ጥሩ ወጥቶልኝ ነበር። ልቤ አበጠ፣ ወደ ጋሊየም አርሰናይድ ተሻገርኩ። የሲሊኮኑን ኢንፑት ፋይል ቀዳሁ፣ ለአዲሱ ማቴሪያል አስተካከልኩ (ያስተካከልኩ መሰለኝ)፣ ለቀቅኩት። ሲያልቅ ያወጣው ሞቢሊቲ ከሚለካው በብዙ ይበልጣል። እኔ ደስ አለኝ! "ላብራቶሪ ውስጥ ያለው ናሙና ቆሻሻ ስላለው ነው፣ የኔ ፍጹም ንጹሕ ነው" ብዬ ስላይድ ሠራሁ። አማካሪዬ ስላይዱን ትንሽ አዩትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። "ፖላሩን አብርተሃል?" ዝም። አላበራሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሊኮን ውስጥ ሁለቱም አቶም አንድ ዓይነት ነው። ጋሊየም አርሰናይድ ውስጥ ግን ጋሊየሙ ወደ ፖዘቲቭ ያደላል፣ አርሰኒኩ ወደ ኔጋቲቭ። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲወዛወዙ፣ ሎንጊቱዲናል ኦፕቲካል በሚባለው ፎነን ማለት ነው፣ ከሩቅ የሚሰማ የኤሌክትሪክ ፊልድ ይፈጥራሉ። ፍሮህሊሽ መስተጋብር ይባላል። የፎነኑ ሞገድ በረዘመ ቁጥር መስተጋብሩ ይበረታል፣ ጫፉ ላይ ወሰን የለውም። ቅድም "ራቅ ያለው አቶም አይሰማውም" ያልኩት እዚህ ይፈርሳል። ይሰማዋል። ኢንተርፖሌሽኑ የቆመው ደግሞ በዚያ ላይ ነበር። ስለዚህ ፖላሩ ካልበራ ፕሮግራሙ ያንን ሹል ጫፍ አለስልሶ ያልፈዋል፣ ዋናው እንቅፋት ከመንገዱ ይነሳል፣ ኤሌክትሮኑም እንደ ልቡ ይጋልባል። በ2015 ካርላ ቨርዲና ጁስቲኖ፣ በዚያው ዓመት ሌላ ቡድንም ለብቻው፣ መላ አመጡለት፦ የሩቁን ክፍል በፎርሙላ ቀንሰህ አስቀምጥ፣ የቀረውን ኢንተርፖሌት አድርግ፣ መጨረሻ ላይ ፎርሙላውን መልሰህ ደምር። ኢንፑት ፋይሉ ውስጥ አንዲት መስመር ነች። ትሩ ማለት ብቻ። እናንተ ካላበራችኋት ጠፍታ ነው የምትቆየው። እኔ ብሠራው ኖሮ የሁለቱን አቶም ቻርጅ ሲያይ ቢያንስ "ወንድሜ፣ ይሄ ማቴሪያል ፖላር ነው" ብሎ እንዲጮህ አደርገው ነበር። ግን እሺ፣ ማኑዋሉ ላይ አለ፣ ኢንፑቱን የቀዳሁትም እኔ ነኝ።

ካበራሁት በኋላ የወጣው ግራፍ ነው ከፕሮግራሙ ጋር ያስታረቀኝ። የዚያ ፎነን ጉልበት በጋሊየም አርሰናይድ 36 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ከዚያ በታች ጉልበት ያለው ኤሌክትሮን ፎነን መትፋት አይችልም፣ ኪሱ ውስጥ ያን ያህል የለውም፤ የሚችለው መዋጥ ብቻ ነው። በክፍል ሙቀት ደግሞ የሚዋጠው ፎነን በአማካይ 0.33 ብቻ ነው። ከ36 ሲያልፍ መትፋት ይፈቀዳል፣ የመትፋቱ ሚዛን 1.33፣ አራት እጥፍ። ግራፉ ላይ ይሄ እንደ ደረጃ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ሌክቸር ላይ በእጅ ሲሣል ያየሁትን ደረጃ፣ የአቶሞቹን ስምና ቦታ ብቻ የሰጠሁት ፕሮግራም በራሱ አወጣው። ያንን ግራፍ ለብዙ ቀን የስክሪኔ ጀርባ አድርጌው ነበር።

ደረጃው ደህና፣ ሞቢሊቲው ግን አልረጋም። ግሪዱን በለወጥኩ ቁጥር ይዘላል። ወረቀት አወጣሁና ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የጋሊየም አርሰናይድ ኤሌክትሮን ቀላል ስለሆነ የሚኖርበት ጉድጓድ፣ ማለትም የኮንዳክሽን ባንዱ ግርጌ፣ በጣም ጠባብ ነው። እስከ 100 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ ያለውን ብንወስድና ጉድጓዱን ፓራቦላ ነው ብንል፣ ከጠቅላላው ብሪልዋን ዞን (ግሪዱ ከሚሸፍነው የሞገዶች ክልል) የሚይዘው 0.0056 ፐርሰንት ያህል ነው። 60 በ60 በ60 ግሪድ 216000 ነጥብ አለው። ጉድጓዱ ውስጥ የሚወድቀው 12 ገደማ። በ12 ነጥብ ነበር እኮ ሞቢሊቲ ሳሰላ የከረምኩት! በ100 ላይ እንኳ ከሚሊዮኑ 56 ቢሆን ነው። በ200 ከ8 ሚሊዮን ውስጥ 450 ገደማ። "ትልቅ ግሪድ ተጠቅሜያለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር ሳነብ አሁን የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ጉድጓዱ ውስጥ ስንት ነጥብ ገባ? ደግነቱ ኢፒደብሊው ከመረጣችሁት የጉልበት መስኮት ውጭ ያለውን ሁሉ ስለሚጥል የስምንት ሚሊዮኑን ዋጋ አትከፍሉም፣ የጥቂቶቹን ነው።

ያም ሆኖ ጊዜ ይበላል። የምጠቀምበት ክላስተር፣ ስሙ ይቅር፣ ሥራን በ24 ሰዓት ይቆርጣል። ሁለቴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቆርጦብኛል። እዚህ ላይ ኢፒደብሊውን ላመስግነው፤ በዋኒየር የተጻፈውን ማትሪክስ ዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ ከዜሮ አልጀመርኩም። በጋሊየም አርሰናይድ ልክ ያ ፋይል አያስፈራም። ግን ልብ በሉ፣ ግሪዱ ሳይቀየር በሴሉ ውስጥ ያሉት አቶሞች እጥፍ ሲሆኑ ፋይሉ ስምንት እጥፍ ያድጋል፣ ባንዱ ሁለቴ ፎነኑ አንዴ ስለሚባዛ። ባለ 20 አቶም ማቴሪያል ይዞ "እኔም ልሞክር" ብሎ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ሜሞሪውን ይጠይቅ።

ሌላ የሚወሰን ነገር አለ፣ ግጭቶቹን ወደ ሞቢሊቲ የሚቀይረው የቦልትዝማን እኩልታ እንዴት ይፈታ የሚለው። አቋራጩ ከአንድ ነጥብ የሚወጡትን ግጭቶች ይቆጥራል፣ ወደዚያ ነጥብ የሚገቡትን ይረሳል። ሙሉው መንገድ ሁለቱንም ይዞ እስኪረጋ ደጋግሞ ያሰላል። ፖላር ማቴሪያል ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የፍሮህሊሽ ግጭት ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሮኑን ትንሽ ገፋ ያደርገዋል እንጂ ወደ ኋላ አይመልሰውም፤ አቋራጩ ግን ለትንሹም ለትልቁም እኩል ቅጣት ስለሚሰጥ ሞቢሊቲውን ያሳንሰዋል። አቋራጩ ነው ቀድሞ ስክሪን ላይ የሚታተመው። ያቺን ይዞ የሚሮጥ ሰው አይቻለሁ። ቆይ እስኪጨርስ።

የማይሠራውንም ልናገር። ከታች ያለው ዴንሲቲ ፈንክሽናል ቲዎሪ ነው (ኤሌክትሮኖቹ የሚሰሉበት ግምታዊ ዘዴ)፣ የሱን ኃጢአት ይወርሳል። የተለመዱት ፈንክሽናሎች (የዘዴው ግምታዊ ፎርሙላዎች) ባንድ ጋፑን፣ በሁለቱ ባንዶች መሃል ያለውን ክፍተት፣ ያሳንሳሉ፣ ጋሊየም አርሰናይድ ላይ ደግሞ ጋፑ ሲያንስ የኤሌክትሮኑ ማስም አብሮ ያንሳል፣ ሞቢሊቲው ያብጣል። ማሱን ሳታዩ ስካተሪንጉን (ግጭቱን) ብቻ መክሰስ ልክ አይደለም። ሲሊኮን ላይ የሆሉ (ኤሌክትሮን ሲጎድል የሚቀረው፣ እንደ ፖዘቲቭ ቻርጅ የሚሮጠው ክፍተት) ሞቢሊቲ ከሚለካው ከፍ የማለት ልማድ አለው፣ ይሄንን ሌሎችም ጽፈውበታል። ሌላው፣ በዚህ ሁሉ ስሌት ኤሌክትሮኑ በአንድ ጊዜ የሚጋጨው ከአንድ ፎነን ጋር ነው። በ2020 የማርኮ ቤርናርዲ ቡድን ጋሊየም አርሰናይድ ውስጥ በሁለት ፎነን የሚሆነው ግጭት ችላ የሚባል እንዳልሆነ አሳይቷል። ስለዚህ በአንድ ፎነን ብቻ የወጣ ቁጥር ልኬቱን ልክ ሲመታ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ሁለት ስሕተት ተጣፍቶ ሊሆን እንደሚችልም አትርሱ። በ2020 ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፣ ኳድሩፖል። ከዳይፖሉ (ቅድም ፍሮህሊሽን ከፈጠረው የፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ጥንድ) ቀጥሎ ያለው የሩቅ መስተጋብር ነው፣ ዳይፖል የሌለው ሲሊኮን እንኳ አለው። አዲሶቹ የኢፒደብሊው ቨርዥኖች ይቀበሉታል፤ የአዮናይዝድ ኢምፑሪቲ ስካተሪንግም (ቻርጅ ካለው ባዕድ አቶም ጋር የሚደረገው ግጭት) ተጨምሯል። የኳድሩፖሉን ቁጥሮች ግን በፋይል ማቅረብ የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ከአቢኒት ነው ያወጣሁት፣ ይህን ለማድረግ ሌላ ኮድ ከነሙሉ ጸባዩ መማር ነበረብኝ።

ተፎካካሪዎቹስ? የካልቴኩ የቤርናርዲ ቡድን ኮድ፣ ፐርተርቦ፣ በሐሳብ በጣም ይቀራረበዋል። ኤሌክትሮኖቹ በሌዘር ከተመቱ በኋላ በየፌምቶሰከንዱ ምን እንደሚሆኑ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ወደዚያ ሂዱ። አቢኒት ራሱ ዋኒየርን ትቶ ፖቴንሻሉን ኢንተርፖሌት የሚያደርግበት መንገድ አለው። በዋኒየር የተማረረ ሰው እሱን ይሞክር። አምሴት ከነዚህ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ሙሉውን ማትሪክስ ከማስላት ይልቅ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንትን፣ የኢላስቲክ ኮንስታንቶችንና ዲፎርሜሽን ፖቴንሻልን የመሳሰሉ ጥቂት ቁጥሮችን ተቀብሎ ግጭቱን ይገምታል። ግምት ነው፣ ግን ከ10 ፌምቶሰከንዷ ጋር አይወዳደርም። መቶ ማቴሪያል ለማጣራት ኢፒደብሊው የሚከፍት ሰው ጊዜውን አይወድም ማለት ነው። አምሴት ያጣራላችሁ፣ የቀሩትን ሁለት ሦስት ማቴሪያል ወደ ኢፒደብሊው አምጡ።

ይሄ ሁሉ ድካም ዋጋ አለው ወይ ለሚለኝ ሰው የቦሮን አርሰናይድን ነገር እነግረዋለሁ። በ2018 በዚህ ዓይነት ስሌት ኤሌክትሮኑም ሆሉም ፈጣን የሆነበት ማቴሪያል ነው ተባለ፤ 1400 ለኤሌክትሮኑ፣ 2110 ለሆሉ። ይሄ ብርቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ይንቀረፈፋል። ምክንያቱም ከስሌቱ ይነበባል። ቦሮን ቀላል አቶም ስለሆነ ኦፕቲካል ፎነኖቹ ጉልበታቸው ከፍ ያለ ነው፣ በክፍል ሙቀት ብዙ የሉም። ሁለቱ አቶሞች ደግሞ ኤሌክትሮን የመሳብ አቅማቸው ስለሚቀራረብ እኔን ጉድ ያደረገኝ ያ ፍሮህሊሽ እዚህ ደካማ ነው። በ2022 ሁለት ቡድኖች ሳይንስ መጽሔት ላይ በብርሃን የለኩትን አሳተሙ። አምባይፖላር ሞቢሊቲው (ኤሌክትሮኑና ሆሉ አብረው ሲሮጡ ያለው) ወደ 1600 ነው፤ ከሁለቱ ትንበያዎች ራሳችሁ ብታወጡት 1680 ገደማ ይሰጣችኋል። መጀመሪያ ተሰላ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ተለካ፣ ገጠመ። ከኪስ በወጣች 10 ፌምቶሰከንድ ይሄ አይገኝም ነበር።

ለማን ይሆናል? ኳንተም ኤስፕሬሶን ለሚያውቅ፣ ክላስተር ላለው፣ አንድ ማቴሪያል ላይ ወራት ለመቀመጥ ለተዘጋጀ ሰው። ለጀማሪ ከባድ ነው፣ ግን በዌብሳይታቸው ላይ የኢንፑቶቹ ዝርዝርና ልምምዶች አሉ፣ ካዘጋጇቸው ሥልጠናዎች የቀሩ ስላይዶችም በነጻ ይገኛሉ። በሲሊኮን ጀምሩ። ሲረጋላችሁ ወደ ፖላር ማቴሪያል እለፉ፣ ኢንፑቱን ግን ከሲሊኮኑ አትቅዱ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ሲሳሳቱ ዝም ስለሚል ነው። ይሄን እየጻፍኩ ሳለ የጋሊየም አርሰናይዱ የኳድሩፖል ሥራዬ ወረፋ ላይ ነው፤ ከመላኬ በፊት ኢንፑቱን ሦስቴ ነው ያየሁት፣ ፖላሩ በርቷል።